አንድ አንድ በሬ ያላቸው

ሰኔ 28 ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አንድ አይሱዙ መኪና የመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ቆሞ ነበር። የጫነው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ነው። ሾፌሩ ካፊያውን ሽሽት ከጥበቃው ቤት ክዳን ሥር ተጠግቷል፤ የጭነት ልጆቹ ሥራ ሳይጀምሩ መሽቶባቸው ያጉረመርማሉ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው፣ የመጋዘኑን በር ቆልፈው ቁልፉን ኮት ኪሳቸው ከተዋል።

«ጋሼ፣ በጀት ሊዘጋ እኮ ሁለት ቀን ነው የቀረው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ውሉ 80 ግራም ይላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 70 ነው። ለዚህ ሞዴል 19 አልቆርጥም።»

በመንግሥት ቤት የሠራ ሰው የዚያን ሰዓት ጭንቀት ያውቀዋል። ሞዴል 19 ዕቃው ገቢ መሆኑን የሚመሰክር ደረሰኝ ነው። እሱ ካልተቆረጠ ሒሳብ ክፍል ገንዘብ አይከፍልም፤ ሰኔ 30 ካለፈ ደግሞ ያልተከፈለው በጀት ተመላሽ ይሆናል፣ ሐምሌ 1 ሌላ ዓመት ነው። እኔ ያኔ ግዢ ክፍል ውስጥ ወጣት ሠራተኛ ነበርኩ። ስድስት ወር የለፋሁበት ግዢ በአሥር ግራም ልዩነት ሊበላሽ ሲል ደሜ ፈላ። ለአለቃዬ ደወልኩ፤ አለቃዬ ለጋሼ አለቃ ደወሉ። ጋሼ ስልኩን ቆመው አዳመጡ፣ «እሺ ጌታዬ» አሉ፣ ስልኩን አስቀመጡ፣ በሩን ግን አልከፈቱም። መኪናው ተመለሰ። አቅራቢው ትክክለኛውን ወረቀት ሰኔ 30 ጠዋት አመጣና ሥራው በመጨረሻው ሰዓት አለቀ። እኔና እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት የተነጋገርነው በደብዳቤ ብቻ ነበር፤ በአንድ ኮሪደር፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት።

ያን ጊዜ ስለ እሳቸው የነበረኝ አስተያየት አጭር ነበር፦ ክፉ ሰው ናቸው። በየቢሮው ስንት ሰው በዚህች አጭር አስተያየት ተጠቅልሎ እንደሚኖር ሳስብ አሁንም ይከነክነኛል። «እሷ እንቅፋት ናት»፣ «እሱ ተንኮለኛ ነው»፣ «ሒሳብ ክፍሎች ሰው አይደሉም» እንላለን። ሰውየው ምን እንደሚፈራ፣ ማን እንደሚጠይቀው፣ ነገር ሲበላሽ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ግን ለመጠየቅ አንሞክርም።

እውነቱን የሰማሁት በሚቀጥለው ዓመት፣ የኦዲት ሰዎች መጥተው ቆጠራ ላይ ሳለን ነው። ከጋሼ ጋር መደርደሪያ ለመደርደሪያ ስንዞር፣ ቀድሞ በሠሩበት ሌላ መሥሪያ ቤት የሚያውቁት አንድ የንብረት ሠራተኛ «ግድ የለም፣ ተረከብ» ተብሎ የተረከበው ዕቃ በኦዲት ጉድለት ሆኖ እንደተያዘበት፣ ለረጅም ጊዜም ከደመወዙ እየተቆረጠ እንደከፈለ ነገሩኝ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ወደ ሌላ እንዳዛወረ ጨመሩልኝ። «ተረከብ ብሎ የደወለለት ሰው የዚያን ቀን አልነበረም» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ምሬት አልነበረም። ካርቶን እየቆጠሩ ነበር የሚያወሩት።

ያደግሁት ሰሜን ሸዋ ገበሬ መንደር ውስጥ ነው። የጋሼን ነገር ስሰማ ወዲያው ትዝ ያለኝ መቀናጆ ነው። ጥንድ በሬ ማሟላት ያልቻለ ገበሬ እንደ እሱ አንድ በሬ ብቻ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው በተራ አንድ ቀን የዚህን፣ አንድ ቀን የዚያን ማሳ ያርሳሉ። ዛሬ በየሪፖርታችን «ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት» እያልን የምንጽፈው ቃል የዚሁ የመቀናጆ ዘር ነው። ቃሉን ወደ ከተማ ይዘነው መጣን። ከቃሉ ጋር የነበረው ጥንቃቄ ግን በመንገድ የቀረ ይመስለኛል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው።

መቀናጆ ወዳጅነት አይደለም። የሚዋደዱ ጎረቤታሞች ሳይቀናጁ ይቀራሉ፤ እምብዛም የማይዋደዱ ደግሞ ዓመታት አብረው ያርሳሉ። አባቴና ጎረቤታችን በወሰን ጉዳይ ተካሰው የታረቁ ሰዎች ነበሩ። በየዓመቱ ግን፣ የበልጉ ዝናብ ጣል ጣል ማድረግ ሲጀምር፣ ከደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይነጋገሩ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የሰማሁት ንግግር ከማንኛውም የሥራ አመራር ሥልጠና የበለጠ አስተምሮኛል።

መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ማን ይቅደም?» ነው። መልሱን የሚሰጠው ዕድሜ ወይም ክብር አልነበረም፤ አፈሩ ነው። የጎረቤታችን ማሳ ዋልካ ነው። ዋልካ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ውኃ ሲጠግብ ደግሞ በሬውንም ማረሻውንም ይውጣል፤ በመካከል የሚታረስባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። የኛ ተዳፋት ላይ ያለ ቀይ አፈር ስለሆነ ትንሽ ይታገሣል። ስለዚህ አባቴ «ያንተ ይቅደም፣ የኔ ይቆያል» ይሉ ነበር። ልብ በሉልኝ፣ ይህን ለማለት አባቴ የራሳቸውን ማሳ ብቻ ማወቃቸው አይበቃም። የጎረቤታቸውን አፈር፣ መቼ እንደሚጠጥርና መቼ እንደሚሰምጥ፣ እንደ ባለቤቱ ማወቅ ነበረባቸው። ማሳው የቀደመለትም ሰው፣ ልክ የዕቁብ የመጀመሪያ ዕጣ እንደ ደረሰው ሰው፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ባለ ዕዳ መሆኑን ያውቃል።

የጋሼ ዋልካ ኦዲት ነበር። እኔ ሰኔ 28 ከሰዓት በኋላ፣ ማስረጃውን ለማየት ጊዜ በሌለበት፣ በአለቃ ስልክ እያስፈራራሁ፣ በጭቃ መካከል በሬያቸውን እንዲያስገቡ ነበር የጠየቅኋቸው። በሥራ ቦታ «አልተባበር አለኝ» የምንለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ መተባበር ጠልቶ አይደለም፣ በእሱ ማሳ ላይ ያለው አደጋ ከኛ ማሳ አይታይም።

ከቆጠራው በኋላ አንድ ነገር ቀየርኩ። ውል በተፈረመ ቁጥር አንድ ቅጂና የዕቃውን ዝርዝር ይዤ ወደ ግምጃ ቤት እወርድ ጀመር። «ጋሼ፣ ይህ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይገባል። የሚያሠጋዎት ነገር አለ?» እላቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ አለ። አንዴ የጠረጴዛው እግር ብረት ውፍረት አልተጻፈም አሉኝ፤ ዕቃው ሳይመጣ አስተካከልነው። አንዴ ደግሞ ቦታ እንደሌላቸው ነገሩኝና አቅራቢው በሁለት ዙር እንዲያመጣ አደረግን። ለእኔ የመለሱልኝ ያልጠበቅሁት ነበር። ጋሼ ምን ዕቃ እያለቀ እንደሆነ፣ የትኛው ክፍል በዕቃ መጠየቂያው ሞዴል 20 ሳያቋርጥ እየጠየቀ እንደሆነ፣ የትኛው የገዛነው ዕቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይጠይቀው አቧራ እንደሚበላ ያውቃሉ። ያን ሁሉ ይነግሩኝ ጀመር። የዓመቱን የግዢ ዕቅድ ሳዘጋጅ ከየክፍሉ ከሚመጣልኝ የፍላጎት መግለጫ ይልቅ የእሳቸው የቢን ካርድ፣ የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያው፣ እውነቱን ይነግረኝ ነበር። ሁለታችንም አንድ አንድ በሬ ነበረን።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ይህ ታዲያ ‹ሰው አለኝ› ከምንለው በምን ይለያል?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

በኛ አገር ጉዳይ ያለበት ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «እዚያ ሰው አለህ?» የሚል ነው። ያለው ይሄዳል፣ የሌለው ይፈልጋል። በዚህ አነጋገር «ሰው» ማለት በር የሚከፍት፣ ፋይል ከሥር አውጥቶ ከላይ የሚያስቀምጥ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የምለየው በአንድ ነገር ነው፦ በቦታው የሌለ ሦስተኛ ሰው ተጎድቷል ወይ? ጋሼ በእኔ ምክንያት 70 ግራም ወረቀት እንደ 80 ቢረከቡ ኖሮ ገንዘቡን የሚከስረው ሕዝብ ነው። አንድ የማውቀው ሠራተኛ ፋይሌን ከሥር ወደ ላይ ቢያወጣው፣ ፋይሌ ከላይ የተቀመጠባት እናት ከጠዋት ጀምራ ወረፋ ይዛ ነበር። እሷን አላውቃትም፣ አላየኋትም፤ ለዚህም ነው ጥፋቱ የማይሰማኝ። በመቀናጆ ግን ከሁለቱ ማሳ ውጭ የማንም በሬ አይወሰድም። ሁለቱ ሰዎች የተነጋገሩትን መንደሩ ሁሉ ቢሰማው የሚያፍሩበት ነገር የለም። እኔና ጋሼ የተነጋገርነው ሁሉ በአለቆቻችን ፊት፣ በኦዲተሩም ፊት ሊደገም የሚችል ነበር።

ሰው ማወቅ በራሱ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የሥራ ዓለም የቆመበት ነገር ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ዝነኛ ጥናት በቦስተን አጠገብ በምትገኘው ኒውተን ከተማ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ጥቆማውን የሰጣቸውን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት ከመቶ 16.7 ብቻ ነበሩ። 55.6ቱ አልፎ አልፎ የሚያገኙት፣ 27.8ቱ ደግሞ በዓመት አንዴ ወይም ከዚያም ባነሰ የሚያዩት ሰው ነበር የጠቆማቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ወዳጄ የሚያውቀውን እኔም አውቀዋለሁ፤ አንድ ቡና ቤት እንቀመጣለን፣ አንድ ወሬ እንሰማለን። አዲስ ነገር የሚመጣው ከሌላ ግቢ፣ ከሌላ ክፍል፣ ሰላምታ ብቻ ከምንለዋወጠው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን የተከተለ ጥናትም ለሥራ ለውጥ የበለጠ የሚጠቅመው መጠነኛ ትውውቅ መሆኑን አሳይቷል፤ በጣም የቀረበም፣ በጣም የራቀም አይደለም።

ግራኖቬተር ያጠናው የሥራ ፍለጋን ነው። እኔ ግን በቢሮ ውስጥም ያው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ምሳ አብረን የምንበላ የግዢ ክፍል ልጆች እርስ በርስ ብንዋደድም ስለ መጋዘኑ የምናውቀው ነገር አልነበረም፤ ሁላችንም የቆምነው አንድ ቦታ ነው። ሥራዬን ያቀናልኝ ምሳ አብሬያቸው በልቼ የማላውቅ ሽማግሌ ናቸው።

ሌላው ከባድ ነገር ይሉኝታ ነው፤ በተለይ «እሺ» የምትለው ቃል። አማርኛ ተናጋሪ ቢሮ ውስጥ «እሺ» ብዙ ናት። አንዷ «ሰምቼሃለሁ» ማለት ነች። አንዷ «አደርገዋለሁ» ነች። አንዷ «ትልቅ ሰው ስለሆንክ እምቢ ማለት ያሳፍረኛል» ነች። ጋሼ በስልክ ለአለቃቸው «እሺ ጌታዬ» ብለው በሩን ያልከፈቱት ውሸታም ሆነው አይደለም፤ ያቺ እሺ «አከብርዎታለሁ» ማለት ብቻ ነበረች። ይህን ያልተረዳ ሰው፣ በተለይ ከውጭ የመጣ ሥራ አስኪያጅ ወይም አዲስ ተመራቂ፣ እሺ ተብሎ ሳይሠራለት ሲቀር ተካድኩ ይላል። ከዓመታት በኋላ አንድ ዘዴ ለምጃለሁ። የምር የሆነች እሺ ቀን ወይም ቅድመ ሁኔታ ትከተላታለች፦ «እሺ፣ ግን ሐሙስ ነው»፣ «እሺ፣ ሞተር ያለው ልጅ ካገኘሁ»። ብቻዋን የመጣች እሺ ግን ገና ጥያቄ እንዳለባት አውቃለሁና «ምን ይከብድዎታል?» ብዬ እቀመጣለሁ። «ይሠራልኛል?» ማለት ሰውን ይሉኝታ ውስጥ ያስገባል፤ «ምን ይከብድዎታል?» ግን እምቢ ሳይል እውነቱን የሚናገርበት በር ይከፍትለታል።

አባቴና ጎረቤታችን በዚህ ጉዳይ ከኛ ቢሮ የተሻሉ ነበሩ። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «በሬህ ቢታመምስ?» ይባባላሉ። «ቢሞትስ?» ይባባላሉ። «ኀዘን ቢመጣብን የማን ተራ ይዘለላል?» ይባባላሉ። በሬው ጤነኛ ሆኖ ሣር እየጋጠ ሳለ ስለ ሞቱ መነጋገር ሟርት አይባልም ነበር፤ አለመነጋገር ነው የሚያጣላው። እኛ ግን ሁለት ክፍሎች አንድ ሥራ ሲሰጠን «ችግር የለም፣ እንተጋገዛለን» ብለን ተጨባብጠን እንለያያለን፤ ነገሩ ሲበላሽ የማን እንደነበር መጣላት እንጀምራለን።

መናገርን መፍራት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉት የሀርቫርድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታል ክፍሎች ባደረጉት ጥናት አይተውታል። የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ከየክፍሉ አመራርና የእርስ በርስ ግንኙነት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ መልካም ግንኙነት ያላቸው ክፍሎች ብዙ ስሕተት የተመዘገበባቸው ሆነው ተገኙ። ግራ ያጋባል። በኋላ እንደተረዱት፣ በነዚያ ክፍሎች ነርሶቹ ስሕተታቸውን ያለ ፍርሃት ይናገሩ ነበር፤ በሌሎቹ ክፍሎች ስሕተቱ ይሸፈን ነበር። እኔ ይህን ባነበብኩ ጊዜ ያሰብኩት ጸጥ ያሉ ስብሰባዎቻችንን ነው። ሁሉም እሺ ያለበት፣ ቃለ ጉባኤው በሁለት ገጽ ያለቀ ስብሰባ ደስ ያሰኘኝ ነበር። አሁን ያሠጋኛል።

መቀናጆ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ይህንንም መናገር ግዴታዬ ነው። የጎረቤታችን በሬ ረጅም ነበር፣ የኛ አጭር። እንዲህ ሲሆን ቀንበሩ ወደ አጭሩ ያዘነብላል፣ የአጭሩ ጫንቃ ይላጣል። አባቴ ያን ለማብረድ የታጠፈ ቆዳ ከቀንበሩ ሥር ያኖሩ ነበር፤ ጎረቤታችንም ከሁለት ሰዓት እርሻ በኋላ ራሳቸው «ይረፉ» ይላሉ፣ ረጅሙ በሬያቸው ገና ቢችልም። በቢሮም አለቃና ተቀጣሪ፣ የቆየና አዲስ፣ ደመወዙ የሚያኖረውና የማያኖረው በአንድ ቀንበር ሲጠመዱ ክብደቱ የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነ ረጅሙ ራሱ መጠየቅ አለበት። አጭሩ አይናገርም፤ ይሉኝታውም ፍርሃቱም አለ። አለቃ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት «በሬ ናችሁ፣ ጎበዞች» እያልኩ የማመሰግናቸው ልጆች አምሽተው ሲሠሩ ታክሲ ጠፍቶባቸው በእግራቸው እንደሚሄዱ ያወቅሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። ከመካከላቸው አንዷ ሥራ ለቅቃ ስትሄድ ነው የነገረችኝ። ሦስት ዓመት።

ሒሳብ በማጥበቅ የሚበላሽም አለ። በአገራችን ጉልበት መዋዋሻው አንድ ብቻ አልነበረም። ወንፈል አለ፤ አንድ ቀን ላንተ፣ አንድ ቀን ለኔ፣ ተቆጥሮ የሚመለስ። ደቦ አለ፤ ጠላና እንጀራ ቀርቦ መንደሩ በሙሉ የሚወጣለት፣ ማን ስንት ቀን እንደሠራ የማይመዘገብበት። አዲስ ሠራተኛን ሥራ ማሳየት፣ ሐዘን ላይ ያለ ባልደረባን ሥራ መሸፈን ደቦ ነው። ይህን እንደ ወንፈል ቆጥሮ «እኔ ባለፈው ሸፍኜልህ ነበር» የሚል ሰው አጠገቡ ሰው አይቆይለትም። የማስረከቢያ ቀንን፣ የክፍያ ቀንን፣ የኃላፊነት ወሰንን በደቦ መንፈስ «እንደ ወንድም ነን» ብሎ ሳይነጋገሩ መተው ደግሞ ወንድማማቾችን ያጣላል። ብዙ የንግድ ሽርክናዎች የፈረሱት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፍቅር አንሷቸው አይደለም፣ ወንፈሉን ደቦ አድርገውት ነው።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላ በቦታቸው አንዲት ወጣት ተመደበች። በእኔ አሳብ ከግምጃ ቤት ጋር ያለን ነገር ያለቀ፣ የጸና ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ በኅዳር አንድ መኪና እንደገና በር ላይ ቆመ። የመጣው የቢሮ ወንበር ነው፣ ዝርዝሩም ልክ ነው፤ ልጅቷ ግን «አልረከብም» አለች። ደሜ እንደ ድሮው ሊፈላ ሲል ራሴን ያዝኩ። የተቀናጀሁት ከጋሼ ጋር እንጂ ከግምጃ ቤቱ ጋር አልነበረም፤ ከዚህች ልጅ ጋር ገና ድንጋዩ ላይ አልተቀመጥንም።

ሾፌሩን ሻይ እንዲጠጣ ላክሁትና ወደ መጋዘኑ ገባሁ። አንድ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

«እህቴ፣ ምን ይከብድሻል?» አልኳት።

ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ከመሳቢያዋ የሞዴል 19 ጥራዙን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ጋሼ ሲያስረክቡኝ ከመሃል ሁለት ቅጠል አልነበረም» አለች፤ ጣቷ ቁጥሩ በዘለለበት ቦታ ላይ ነበር። «በዚህ ጥራዝ አንድ ከቆረጥኩ የጎደለው በኔ እጅ እንደጎደለ ነው የሚቆጠረው። ለማን እንደምናገር አላወቅሁም።»

ጥራዙን ተቀብያት ቁጥሮቹን አብረን መቁጠር ጀመርን።